ጀርመን አገር ለምትወልዱ ኢትዮጵያውያን፦ ከሙተርፓስ እስከ ሕፃኑ መኖሪያ ፈቃድ

ጀርመን ውስጥ መውለዱ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ክትትሉም፣ ሆስፒታሉም፣ ከወሊድ በኋላ ቤት ድረስ የምትመጣው አዋላጅም በጤና መድኅኑ ይሸፈናሉ። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። ሕፃኑ በመዝገብ ላይ ስም፣ አባትና ዜግነት እንዲኖረው ከአገር ቤት የሚመጣ ሰነድ ይፈለጋል፤ ያ ሰነድ ደግሞ እንደ ሕፃኑ ወራት ተቆጥሮለት የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሕፃን ታቅፎ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ስለ ማኅተም ከዘመድ ጋር በስልክ መነታረክ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ስለ ጋሪና ስለ አልጋ ምርጫ አናወራም።

መመሪያው በዋነኛነት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በሥራ፣ በትምህርት ወይም በቤተሰብ ፈቃድ ለሚኖሩ ወላጆች ነው። በጥገኝነት የምትኖሩ የምትለዩበትን ቦታ በየመሐሉ እንጠቁማለን። የጀርመንኛ ቃላቱን በፊደላችን እንዳሉ ያስቀመጥናቸው መሥሪያ ቤት ስትሄዱ የምትሰሙት እነሱኑ ስለሆነ ነው።

1. እርግዝናው እንደታወቀ

መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ ያዙ። ሐኪሙ እርግዝናውን ሲያረጋግጥ ሙተርፓስ የሚባለውን የእርግዝና ደብተር ይሰጣል። የደም ዓይነት፣ የምርመራ ውጤት፣ የመውለጃ ቀን፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይጻፋል። ከቦርሳ አይውጣ፤ ድንገት ሌላ ከተማ ምጥ ቢመጣ ሐኪሞቹ ከደብተሩ አይተው ይሠራሉ። ክትትሉ በየ4 ሳምንቱ ነው፤ ከ32ኛው ሳምንት በኋላ በየ2 ሳምንቱ ይሆናል። መድኅኑ የሚሸፍነው መደበኛ አልትራሳውንድ ሦስት ጊዜ ነው፦ ከ9ኛው እስከ 12ኛው፣ ከ19ኛው እስከ 22ኛው እና ከ29ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የስኳር ምርመራ አለ። ሐኪሙ በገንዘብ የሚከፈል ተጨማሪ ምርመራ ሲያቀርብ "መድኅኑ ይሸፍነዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልሸፈነው መተው መብታችሁ ነው።

በዚያው ሳምንት ሄባሜ ፈልጉ። ሄባሜ ማለት አዋላጅ ናት፤ ግን ሥራዋ ከማዋለድ ይሰፋል። ከወሊድ በኋላ ቤት እየመጣች እትብቱን፣ የሕፃኑን ክብደት፣ የእናትየውን ቁስልና ጡት ታያለች። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያም እየራቀ እስከ 12ኛው ሳምንት ትመጣለች፤ የሚከፍላት መድኅኑ ነው። አገር ቤት እናትና አክስት የሚሠሩትን ግማሹን የምትሠራላችሁ እሷ ናት። እጥረቱ ግን ከባድ ነው፤ እንደ ሙኒክና በርሊን ባሉ ከተሞች በ20ኛው ሳምንት የጀመረ ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በ8ኛው ሳምንት ደውሉ። የመድኅን ድርጅታችሁ ድረ ገጽ ላይ በፖስታ ቁጥር የሚፈለግ የሄባሜ ዝርዝር አለ።

ስለ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የተገረዛችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀጠሮ ለሐኪሙ ንገሩት። በተለይ የተሰፋ ከሆነ በእርግዝናው ወራት ወይም በወሊዱ ጊዜ እንዴት እንደሚከፈት አስቀድሞ መታቀድ አለበት። አይቶ የማያውቅ ሐኪም ምጥ ላይ ሲደርስበት ይደናገጣል፤ ችኩል ውሳኔ የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ከተወለደችላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ግርዛቷ ጀርመን ውስጥ ወንጀል ነው፤ ለዕረፍት አገር ቤት ወስዶ ማስገረዝም እንዲሁ ያስቀጣል። የወንድ ልጅ ግርዛት እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የሕክምና ምክንያት ከሌለው ግን ወጪው በራሳችሁ ነው። በስምንተኛው ቀን የሚገርዝ ሐኪም ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ከመውለጃው በፊት ፈልጉ።

የምትሠሩ ከሆነ እርግዝናውን ለአሠሪው አሳውቁ። ከእርግዝናው መጀመሪያ ከወሊድ በኋላ እስካለው 4ኛ ወር ድረስ ማባረር ክልክል ነው። ሳያውቅ ካባረረ፣ ደብዳቤው በደረሳችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ እርጉዝ መሆናችሁን ብታሳውቁ ጥበቃው ይሠራል።

ተጋብታችሁ ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ ሽቶየርክላሰ የሚባለውን የግብር መደብ በዚያው ወር ተመልከቱ። ከወሊድ በኋላ የሚከፈለው የወላጅነት ገንዘብ (በክፍል 8 እንመጣበታለን) የሚሰላው ከእናትየው የተጣራ ደመወዝ ነው፤ እሷ 5ኛው መደብ ላይ ከሆነች የተጣራው ትንሽ ነው፣ ገንዘቡም ያንሳል። ወደ 3ኛው መዛወር ያሳድገዋል። ለውጡ እንዲቆጠር ግን የወሊድ ፈቃዱ ከሚጀምርበት ወር ቢያንስ 7 ወር መቅደም አለበት። የወሊድ ፈቃዱ የሚጀምረው ከመውለጃው 6 ሳምንት ቀደም ብሎ መሆኑን ስታሰሉት፣ ያላችሁ ጊዜ እርግዝናው እንደታወቀ ያለው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ሦስት ወር እስኪሞላ ለማንም አንናገርም የሚል ልማድ አለን፤ ለግብር ቢሮው መደቡን ብቻ ቀይሩ፣ ምክንያት አይጠይቅም።

2. በ12ኛው ሳምንት፦ ሰነዶቹን ከአገር ቤት ማስመጣት

ልደት የሚመዘግበው ስታንድስአምት ነው፤ የከተማው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ቤት ማለት ነው። የሚፈለገው የልጁ ሰነድ ብቻ አይደለም፦ የእናትየው ልደት ሰርተፍኬት፣ የአባትየው ልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የሁለቱም ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃድ። አንዳችሁ ከዚህ በፊት አግብታችሁ የፈታችሁ ከሆነ የፍቺውም ውሳኔ ይጨመራል።

አብዛኞቻችን ስንወለድ የተመዘገበ ነገር የለም። ስለዚህ አገር ቤት ላለ ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ላኩ፤ ወኪሉ በወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሰርተፍኬቱን ያወጣል፤ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስረጋግጣል። ዋናው ከደረሳችሁ በኋላ ጀርመን ፍርድ ቤት ፊት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ወደ ጀርመንኛ ይተረጎማል። ሰርተፍኬቱ እንግሊዝኛ አለው ብላችሁ ትርጉሙን አትዝለሉ።

ችግር የሚፈጠረው በሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው አጻጻፍ ነው። ፓስፖርት ላይ የአባትየው ስም "ጸጋዬ" በላቲን በአንድ መንገድ፣ ሰርተፍኬት ላይ በሌላ መንገድ ከተጻፈ፣ ለጀርመን ጸሐፊ ሁለት ሰዎች ናቸው። ወኪሉ የፓስፖርታችሁን ቅጂ ይዞ ሄዶ አንድ በአንድ ፊደል እያየ ያስጽፍ። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። "12/05/2012" የሚል የጋብቻ ቀን ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ጃንዋሪ 21 ቀን 2020። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካስቀመጠው ግን ሜይ 12 ቀን 2012 ይሆናል፤ ሙሽራዋ ገና ተማሪ ሳለች ያገባች ትመስላለች። ትርጉሙን ከመቀበላችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ምርመራው ነው። በአዲስ አበባ የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነዶች በማኅተም ብቻ ማረጋገጥ አቁሟል። በዚያ ፈንታ ስታንድስአምቱ ከተጠራጠረ ሰነዱን ወደ ኤምባሲው ይልካል፤ ኤምባሲው በአገር ውስጥ ጠበቃ አማካይነት እስከ ወረዳው መዝገብ ድረስ ያስመረምራል። ወጪው በእናንተ ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፤ ጊዜውም በወራት ነው። በደላላ "ቶሎ" የወጣ ሰርተፍኬት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ቆንጆ ቢሆንም መዝገቡ ውስጥ ገጹ የለም። ቀርፋፋው መንገድ ይሻላል።

ሰነዱን እንደያዛችሁ ከመውለጃው በፊት ስታንድስአምት ሄዳችሁ አስመርምሩ። የትኛው ስታንድስአምት? ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ነው፣ የምትኖሩበት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሰነዱ ባይደርስስ? ልጁ ሳይመዘገብ አይቀርም። ስታንድስአምቱ በልደት ሰርተፍኬት ፈንታ የወላጆች ማንነት አልተረጋገጠም የሚል ማስታወሻ ያለበት የመዝገብ ግልባጭ ይሰጣል። ይህ ግልባጭ በሕግ ፊት ዋጋ ያለው ሰነድ ነው፤ መድኅኑም፣ የልጅ ገንዘብ ቢሮውም፣ የውጭ ዜጎች ቢሮውም ሊቀበሉት ይገባል። "ሰነድ ካላመጣችሁ ምንም አንሰጥም" ከተባላችሁ ግልባጩን በስሙ ጠይቁ፦ "በግላውቢግተር አውስድሩክ አውስ ዴም ገቡርተንሬጊስተር"።

3. ተጋብታችኋል? ማን ፊት?

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ የማዘጋጃ ቤት፣ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻ ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። በጀርመን ግን እንደዚያ አይደለም። ጀርመን ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ብቻ የተጋባችሁ ከሆነ፣ ሠርጉ የቱንም ያህል ደማቅ ቢሆን፣ በስታንድስአምት ዓይን አልተጋባችሁም። አገር ቤት በቤተ ክርስቲያን የተጋባችሁ ከሆነ ጋብቻው ይታወቃል፤ ማስረጃው በወሳኝ ኩነት የተመዘገበ ይሁን።

ያልተጋቡ ከሆናችሁ ዩገንድአምት ከሚባለው የወጣቶች ቢሮ ቀጠሮ ያዙና ሁለት ወረቀት ፈርሙ። አንዱ አባትነትን መቀበያ ነው፤ አባት ይፈርማል፣ እናት ትስማማለች። ሁለተኛው ሶርገኤርክሌሩንግ ነው፤ የጋራ የማሳደግ መብት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ከፈረማችሁ አባት አባት ነው፣ ግን ውሳኔው ሁሉ የእናት ብቻ ይሆናል፤ የልጁም ስም በእናትየው ይሄዳል። ሁለቱም ከወሊድ በፊት ይፈረማሉ፣ ዩገንድአምት ገንዘብ አያስከፍልም። ኖተር (ውል አዋዋይ) ጋር መሄድ ለትርፍ ወጪ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፦ እናትየው በወረቀት ከሌላ ሰው ጋር ጋብቻዋ ካልፈረሰ፣ ከዓመታት በፊት ብትለየውም፣ የሕፃኑ ሕጋዊ አባት ያ ሰው ይሆናል። ይህን በፍርድ ቤት ማቃናት ከፍቺው ራሱ ይከብዳል። ፍቺውን ከወሊድ በፊት ጨርሱ።

4. ስሙ

በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እንቆያለን፤ ሰው ዘግይቶ የሚጸጸተው በዚህ ነውና።

እንበል አባት ደረጀ ዓለሙ ወልዴ፣ እናት ሰላም ተፈራ በቀለ ናቸው፣ ልጁ ደግሞ ናሆም። ለእኛ ናሆም ደረጀ ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ለጀርመን መዝገብ ግን ሰው የራሱ ስምና የቤተሰብ ስም አለው። የደረጀ ፓስፖርት "ወልዴ"ን በቤተሰብ ስም ቦታ ካስቀመጠ፣ ጸሐፊዋ ልጁን "ናሆም ወልዴ" ልትለው ትዘጋጃለች። በልጁ ስም ውስጥ አባቱ ጠፋ፣ ቅድመ አያቱ ገባ።

እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል። ከዚያ በፊት የሰው ስም የሚገዛው በዜግነቱ ሕግ ነበር፤ አሁን በሚኖርበት አገር ሕግ ነው። ስለዚህ ምንም ካልተናገራችሁ የጀርመን ሕግ ይሠራል፦ የአባት የቤተሰብ ስም፣ የእናት የቤተሰብ ስም፣ ወይም ሁለቱ ተጣምረው። የዜግነታችሁን ሕግ መምረጥ ግን አሁንም ትችላላችሁ። ለዚያ ስታንድስአምት ፊት የሕግ ምርጫ መግለጫ መስጠት ያስፈልጋል፤ "ሬሕትስቫል" በሉ። ከዚያ ልጁ "ናሆም ደረጀ" ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

የቱ ይሻላል? የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚወጣለት ከሆነ የኢትዮጵያውን መንገድ እንመርጣለን። ምክንያቱ ስሜት አይደለም። ፓስፖርታችን ልጅ፣ አባት፣ አያት ብሎ ይሄዳል፤ የጀርመኑ የልደት ሰርተፍኬት "ናሆም ወልዴ"፣ ፓስፖርቱ "ናሆም ደረጀ ዓለሙ" ካሉ የውጭ ዜጎች ቢሮው አንዱ እስኪስተካከል ፈቃዱን ሊያዘገይ ይችላል። ልጁ በልደቱ የጀርመን ዜጋ የሚሆን ከሆነና እዚሁ የሚያድግ ከሆነ ግን ከአባቱ ፓስፖርት ጋር አንድ የሆነ የቤተሰብ ስም በትምህርት ቤትም በአውሮፕላን ጣቢያም ያሳርፈዋል። በጀርመን ሕግ የወሰናችሁት የቤተሰብ ስም ለሚቀጥሉት ልጆችም እንደሚሠራ አትርሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሦስት ነገር አድርጉ። የስሙን የላቲን አጻጻፍ ከመውለጃው በፊት በወረቀት ላይ ወስኑ፤ ጀርመኖች "ጀ" ብለን በላቲን የምንጽፍበትን ፊደል "የ" ብለው ያነቡታል፣ ስለዚህ ዮናስና ጆናስ ይምታታሉ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ በፓስፖርቱ ላይ ስሙን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጽፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞላውን ቅጽ እናት ራሷ ወይም አባት ይሙላው፤ ነርስ ከጆሮዋ ሰምታ የጻፈችው ስም መዝገብ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ቀላል አይደለም።

5. ከ30ኛው ሳምንት እስከ ወሊድ

ሆስፒታል መመዝገቢያው ከ30ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በዚያ ቀጠሮ ከሐኪሙ ጋር ስለ ጀርባ ማደንዘዣ ተነጋገሩና የስምምነት ቅጹን አንብባችሁ ፈርሙ፤ መፈረም ማደንዘዣውን እንድትወስዱ አያስገድድም። ምጥ ላይ ሆኖ አራት ገጽ ጀርመንኛ ማንበብ ግን አይቻልም። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ሊያቀርብ እንደሚችል አትመኑ፤ ቋንቋውን የሚችል አዋቂ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጅን ለማስተርጎም አትውሰዱ።

የሕፃናት ሐኪምም አሁን ይፈለግ። ብዙዎቹ አዲስ ልጅ አይቀበሉም፤ ከተወለደ በኋላ ስትደውሉ የሕፃኑ ሦስተኛ መደበኛ ምርመራ ጊዜ ያልፋል። የመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባም በእርግዝና ወቅት ይጀመራል። ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው፤ መብቱ ግን ወረፋውን አያሳጥርም።

የወሊድ ፈቃዱ ከመውለጃው 6 ሳምንት በፊትና 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ ለመንታና ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ 12 ሳምንት ይሆናል። በዚህ ጊዜ መድኅኑ በቀን እስከ 13 ዩሮ ይከፍላል፣ እስከ ተጣራው ደመወዝ የጎደለውን አሠሪው ይሞላል። ሚኒጆብ የሚባለውን አነስተኛ ደመወዝ ያለው ሥራ የምትሠሩና በባል መድኅን ውስጥ ያላችሁ ግን በዚህ አትካተቱም፤ ከፌዴራሉ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ የሚከፈል እስከ 210 ዩሮ አለ፣ እሱን ጠይቁ።

6. እናትን ማስመጣት

ልታርስ የምትመጣ እናት ካለች ሥራው ከመውለጃው 6 ወር በፊት ይጀመራል፤ የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከዚያ ቀደም ብሎ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ በወሰደው እርምጃ መደበኛው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ከቀጠሮው ጥበቃ ጋር ስታስቡት 4 ወር ያዙለት።

የሚያስፈልጉት፦ ከውጭ ዜጎች ቢሮ የምታወጡት የወጪ ኃላፊነት መግለጫ (29 ዩሮ፣ ደመወዛችሁ ይታያል)፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድኅን፣ የመውለጃ ቀን ያለበት የሐኪም ማስረጃ፣ የ90 ዩሮ የቪዛ ክፍያ። ማመልከቻ የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ "ትመለሳለች ብለን አናምንም" በሚል ነው። የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ አገር ቤት የቀሩ ልጆችና ባል፣ ከዚህ በፊት ሄዳ የተመለሰችበት ቪዛ፣ እነዚህ ከግብዣው ደብዳቤ ይበልጣሉ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ እምቢ ሲባል ለኤምባሲው ይግባኝ ማለት ቀርቷል፤ ወይ አዲስ ማመልከቻ፣ ወይ በርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ ሙሉ ይሁን።

የቪዛው ጣሪያ 90 ቀን ነው፤ የምትገባበትም የምትወጣበትም ቀን ይቆጠራል። ወንድ ልጅ ከሆነ ክርስትናው በ40 ቀን ስለሆነ አያስቸግርም። ሴት ከሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀን ነው። አያት ከመውለጃው ቀን አንድ ሳምንት ቀድማ ከገባች፣ ልጅቷ ደግሞ አንድ ሳምንት ዘግይታ ከተወለደች፣ 90ው ቀን ከክርስትናው በፊት ያልቃል። ለሴት ልጅ ትኬቱን በመውለጃው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ቁረጡ።

ሻንጣዋ ውስጥ ቅቤ አይኑር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ነክ ነገር በአውሮፕላን ጣቢያ ይወረሳል፤ ቋንጣም እንዲሁ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የገብስ ዱቄት፣ በሶ፣ በርበሬ፣ ደረቅ ኮሰረትና ኮረሪማ ያልፋሉ። ቅቤውን እዚሁ አንጥሩ፦ ጨው የሌለበትን 250 ግራም ቅቤ አራት ግዙ፣ በቀስታ እሳት አረፋውን እየገፈፋችሁ ከአብሽ፣ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር አንጥሩ። ከ1 ኪሎ 800 ግራም ገደማ ይወጣል፤ የቀረው ውሃና ዝቃጭ ነው። ለአራስ ገንፎ ለሁለት ሳምንት ይበቃል።

7. የመጀመሪያው ሳምንት

ልደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለስታንድስአምት መነገር አለበት፤ ሆስፒታል ከወለዳችሁ ሆስፒታሉ ያሳውቃል። ሰነዱን ማቅረብ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ለልጅ ገንዘብ፣ ለወላጅነት ገንዘብና ለመድኅን የሚውሉ ሰርተፍኬቶች በነጻ ይሰጣሉ፤ በየራሳቸው ዓላማው ተጽፎባቸዋል። ከእነዚህ በተጨማሪ በብዙ ቋንቋ የተዘጋጀውን ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ገዝታችሁ ያዙ፤ ለኤምባሲው ይጠቅማል።

ሕፃኑን ወደ መድኅናችሁ አስገቡ። በሕዝባዊው መድኅን ያለክፍያ ይገባል። በግል መድኅን ያላችሁ፣ ቢያንስ 3 ወር ከቆያችሁ፣ በ2 ወር ውስጥ ካስገባችሁት ያለ ጤና ምርመራ ይቀበሉታል። ከ2 ወር ካለፈ በጤናው ምክንያት ሊከለከል ይችላል።

ለሕፃኑ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ቫይታሚን ዲ ይሰጠዋል፤ ለጥቁር ቆዳ ልጅ በጀርመን ክረምት አይዘለልም። በጀርባው ይተኛ፣ በከረጢት ልብስ ውስጥ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ይወጣል፣ ሙቀቱም ይበዛበታል። ማር እስከ 1 ዓመቱ አይቅመስ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋሲ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። ቅቤ ማላስም ይቅር። አያት ቅር ሊላት ይችላል፤ ሄባሜዋ ብትነግራት ይቀላል።

8. ገንዘቡ

ኪንደርጌልድ የሚባለው የልጅ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 255 ዩሮ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 259 ሆኗል። ከማመልከቻው ወደ ኋላ የሚከፈለው 6 ወር ብቻ ነው። ቅጹ የልጁን የግብር መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከምዝገባው በኋላ በፖስታ ይመጣል፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይ የእናትም የአባትም ስም ይለጠፍ።

ኤልተርንጌልድ የወላጅነት ገንዘብ ነው፦ ከ300 እስከ 1,800 ዩሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተጣራው ደመወዝ 65 በመቶ። አንድ ወላጅ እስከ 12 ወር ይወስዳል፣ ሁለቱም ከተካፈሉት 14 ይሆናል። ወደ ኋላ የሚከፈለው 3 ወር ብቻ ስለሆነ ቅጹን ከወሊድ በፊት ሙሉትና ሰርተፍኬቱ ሲመጣ አያይዛችሁ ላኩ። ብሉ ካርድ (ለተማሩ ሠራተኞች የሚሰጥ መኖሪያ ፈቃድ) ወይም የሥራ ፈቃድ ያላችሁ ታገኛላችሁ። ጉዳያቸው ገና በጥገኝነት ውሳኔ ላይ ያለ አያገኙም። የተማሪ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ በምትሠሩት ሥራ ይወሰናልና ፈቃዱን ይዛችሁ የማማከሪያ ቢሮ ጠይቁ። ከሥራ የምትቆዩበትን ጊዜ ለአሠሪው ከመጀመሩ 7 ሳምንት በፊት አሳውቁ።

9. ዜግነትና መኖሪያ ፈቃድ

ጀርመን መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ልጁ በልደቱ ጀርመናዊ የሚሆነው በተወለደበት ቀን ከወላጆቹ አንዱ 5 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖረና ጊዜ የማይወሰንበት መኖሪያ ፈቃድ ካለው ነው። የ5 ዓመቱ ደንብ ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት 8 ነበር። "በተወለደበት ቀን" የሚለውን አስምሩበት። 5 ዓመት የሞላችሁና ለቋሚ ፈቃድ የምትበቁ ከሆነ ማመልከቻውን ከወሊድ በፊት አስገቡ፤ በማግሥቱ የተሰጠ ፈቃድ ለዚህ ልጅ አይሠራም።

በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ካገኘ ግን ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ እንደተወ ይቆጠራል። ጀርመን ምርጫውን አትጠይቀውም፤ ጠያቂዋ ኢትዮጵያ ናት።

ጀርመናዊ ካልሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ከተወለደ በ6 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ለዚያ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሰርተፍኬቱ በእጃችሁ በገባ ሳምንት ወደ በርሊኑ ኤምባሲ ሂዱ። ፓስፖርቱ ከዘገየ ማመልከቻውን አትጠብቁ፤ የኤምባሲውን ደረሰኝ አያይዛችሁ አስገቡና ፓስፖርቱ ሲወጣ ጨምሩ።

በስደተኝነት እውቅና ያገኛችሁ ወላጆች ይህን የኤምባሲ መንገድ አትሂዱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማውጣት የራሳችሁን እውቅና ሊያስነሣ ይችላል። ለእናንተ መንገዱ ልደቱን ለፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ማሳወቅና ለልጁ በቤተሰብ ጥገኝነት ማመልከት ነው፤ ከዚያ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይወጣለታል። ከመፈረማችሁ በፊት በከተማችሁ ያለ የስደተኞች ማማከሪያ ይመልከተው።

10. አገር ቤት ይዞ መሄድ

ልጁ በጀርመን ፓስፖርት የሚሄድ ከሆነ ለኢትዮጵያ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልገዋል። አንዳችሁ ብቻ ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ የሌላውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የፓስፖርቱን ቅጂና የልደት ሰርተፍኬቱን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ስማችሁ ከልጁ ስም ጋር ስለማይገጥም ፍራንክፈርት ላይ የሚጠየቀው መጀመሪያ እሱ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ለወባ አያሰጋም፤ ወደ ቆላው የምትወርዱ ከሆነ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሕፃናት ሐኪሙን አነጋግሩ።